እስከ

አንዲት አጭር መስመር ነበረች፣ ወደ ማታ የጻፍኳት፣
ሻይ እስኪበርድ ያልፈጀች፣ ሁለቴም ያላነበብኳት፤
«ከአንድ እስከ አርባ ቁጠር» ብዬ ለኮምፒውተሩ ነገርኩት፣
እሱ እንደ ታዛዥ ልጅ ሆነ፣ እኔም እንደ አዋቂ ተውኩት።

የመንደራችን መዋኛ ቤት ከፍዮርዱ ዳር ነው፣
ኅዳር ላይ ፀሐይ አይደርሰው፣ ውኃው ብቻ ነው የሚተነው።
በወንዶቹ በኩል የልብስ ሣጥኑ በቁጥር ነው፤ አርባ በር፣
በሴቶቹ ግን በፊደል፣ የስም መነሻ ተጽፎ ከዳር።
የቁልፉን መዝገብ ከደብተር ወደ ስክሪን እንዳዛውር
ስትቀጥረኝ ስቫንሂልዱር «ቀላል ነው አይደል?» ብላ ነበር።
«ቀላል ነው» አልኳት።
ቀላሉ ነገር ነው ሰውን የሚያሳፍር።

በነጋታው፣ ጨለማው ሳይለቅ፣ ኬቲል ደረሰ ማልዶ፣
ፎጣውን በብብቱ ሸጉጦ፣ በጢሙ ላይ በረዶ።
«አርባ» አለ እንደ ልማዱ፤ ሃያ ሰባት ዓመት እንዳለው።
ቁልፍ ሰጪው ልጅ ስክሪኑን አየና «አርባ የለም» አለው።
«እንዴት የለም? በሩ ያውና! ከዚህ ሆኜ ይታየኛል፤
ቀለሙን የላጠው እጄ ነው፣ ማጠፊያውም ያውቀኛል።»
«ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ያበቃል፤ ሌላ አያውቅም» አለ ልጁ።
ኬቲል ቆመ። ፎጣው ከብብቱ ወርዶ ተንጠለጠለ ከእጁ።

ስልክ ቀሰቀሰኝ። የጫማዬን ክር ሳላስር ሮጥኩኝ፣
ደርሼም፣ ሊቅ መስዬ፣ ለሽማግሌው ማስረዳት ጀመርኩኝ፦
«ይኸውልዎ፣ የማሽኑ ልማድ ከዜሮ መጀመር ነው፤
‹እስከ አርባ› ሲሉትም፣ አርባ አጥሩ እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ከደጃፍ ነው የሚቆመው።»
«ዜሮስ ማነው?» አለኝ። «እሱ ሣጥን አለው?»
«የለውም።»
«ታዲያ የሌለውን ቆጥሮ፣ ያለውን ለምን ተወው?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ ሰው ቆጥሬአለሁ በጨለማ፣
ማዕበል እያጠበን፣ አንዱ የአንዱን ጩኸት ሳይሰማ።
‹እስከ ዮሩንዱር› ካልኩ፣ ዮሩንዱርም ጀልባው ውስጥ ነው፤
እስከ እሱ ብዬ እሱን ብተው፣ እናቱን ምን ልላት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ደመርኩ። ያ ነበር ጥገናው።
ቁልፉ ጠቅ አለ፤ የአርባ ዕድሉ ተመለሰለት፤ ዋለው ውኃው።

ደስታዬ ገና ደጅ ሳይወጣ፣ ሶራ ከማዶ ጠራችኝ፣
የመዋኛ ቆቧን ይዛ፣ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፦
«የኔ ፊደል የት ሄደ? ያ ቀጥ ብሎ ሆዱ የተነፋው?
ምላስ ከጥርስ መሃል ገብታ ነፋስ የምታወጣው?»
ከኤ እስከ ዜድ ነበር ያልኩት፤ የሷ ከዜድ ወዲያ ይኖራል፤
(በፊደል ሲሆን ጫፉንም ይወስዳል! የማሽን ጠባይ ማን ያውቃል።)
እኛ የማንጽፋቸው ሲና ኪው፣ ደብልዩና ዜድ፣
ባዶ ሣጥን ታቅፈው ተኝተዋል፤ እሷ ቆማለች መንገድ።

እዚህ ጋ አንድ መደመር አይሠራም። ቁጥር ጎረቤቱን ያውቃል፤
ፊደል ግን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ሰው ይጠይቃል።
ሶራ አጠገቤ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አስቆጠረችኝ፣
ሠላሳ ሁለቱን አንድ በአንድ፣ ስሳሳት እያረመችኝ፤
ሁለት ጫፍ ሰጥቼ የምገላገለውን፣ አቋርጬ የማልፈውን፣
በጣቴ ለቀምኩት፤ እያንዳንዱን።
አራቱን ሥራ ፈቶችም ሰረዝኳቸው፤ ኮራሁ በእውነት።

ሳምንት አለፈ።
ዓርብ ማታ፣ የዓሣ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ከፍታ
አንዲት ሴት ገባች፤ ከፖላንድ የመጣች፣ ስሟ ዚታ።
ሽታው ከፀጉሯ አልለቀቀም። በእኛው ቋንቋ፣ ቀስ ብላ
«ፊደሌ የቱ ነው?» አለች፣ ሰሌዳውን በጣቷ ተከትላ፤
ከዳር እስከ ዳር ሄዳ፣ ተመለሰች።
ስቫንሂልዱር እኔን አየች።
ኬቲል ከውኃው ወጥቶ ነበር፤ የአርባን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ
«እስከ ማን ድረስ ነበር?» አለኝ።
ወንበሬን ሳብኩ፤ ቆጠራው እንደገና ጀመረ።